በጠፍር የታሰረው ቧንቧ

አንድ ሰሞን የእኔ ቤት ቧንቧ ለአንድ ቀን እንኳ ራቁቱን ውሎ አያውቅም ነበር። ከቆጣሪው ተነሥቶ፣ የግቢውን ግንብ ታኮ፣ ማድ ቤት እስኪገባ ድረስ ስለሚያፈስ እዚህም እዚያም የሆነ ነገር ተጠምጥሞበታል። አንዱ መጋጠሚያ ላይ የፌስታል ቋጠሮ፣ ሌላው ላይ የአሮጌ ሻሽ ቁራጭ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ መናኸሪያው ጋ ያለው ጎሚስታ የሰጠኝ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ በሽቦ ተጠርንፎ ነበር። ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ዐይኑ መጀመሪያ እዚያ ላይ ያርፍና «ምነው፣ ምን ሆነ?» ይላል። ቧንቧውን እንጂ እኔን አይጠይቅም።

ቤቱን ያሠራሁት ዐሥራ አንድ ዓመት ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርቼ በተመለስኩ ማግሥት ነው፤ ደብረ ታቦር ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ማድ ቤት፣ በመንገዱ በኩል ደግሞ እኔው የምውልባት ትንሽ ሱቅ። ስመለስ ከሻንጣዬ ይልቅ የከበደው ይዤው የመጣሁት ሥርዓት ነበር። ነገር ሁሉ አንዴ፣ በደንብ፣ በባለሙያ ይሠራ ባይ ሆኜ አረፍኩት። እዚያ በነበርኩበት ቤት ውኃ ሲንጠባጠብ የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እመቤቲቱ ስልክ ደወለች፣ ምሳ ሳይቀርብ ሰውዬው መጥቶ ሠርቶ ሄደ። እኔ ሞኟ ይኼ ከቧንቧው ጋር አብሮ የሚገጠም ነገር መስሎኝ ነበር።

የእኔው ቧንቧ ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም እንደሱ ሰላምታ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ስደውልለት ወዲያው ያነሣል። ጤናዬን፣ ሱቁን፣ ብርዱን ይጠይቀኛል። ከዚያ «ነገ ጠዋት እዚያ ነኝ» ይላል። በነጋታው ስደውልለት ደግሞ ምንም እንዳልተባባልን ሆኖ፣ በዚያው በሚያምር ድምፁ እንደገና ጤናዬን ይጠይቀኛል። ልቆጣው አፌን ስከፍት ሦስት ጊዜ «እግዜር ይመስገን» አስብሎኝ ስልኩን ይዘጋዋል። የእሱ ነገ እስኪደርስ እጄን አጣጥፌ አልጠብቅ ነገር፣ በራሴ ብልሃት ውስጥ ገባሁ።

መጀመሪያ ሳሙና ነበር። የልብስ ሳሙና በእጅ ታሽቶ ስንጥቁ ውስጥ ሲጠቀጠቅና በላዩ ጨርቅ ሲታሰርበት ለአንድ ቀን ያህል ይይዛል። ከዚያ ማስቲካ መጣ። ለሽያጭ ያስቀመጥኩትን ማስቲካ እየላጥኩ፣ መንጋጋዬ እስኪዝል ግማሽ ቀን ሳኝክ ውዬ ለጠፍኩት፤ ውኃው ሲመጣ ከቦታው ተፈናጥሮ የጎረቤት ዶሮ አስደነበረ። ከሁሉም ከመነዳሪው ይሻላል። ግን እሱም ወጥሮ የሚያስር ክንድ ይፈልጋል፤ የእኔ ክንድ ደግሞ ልብስ ሲተኩስ የኖረ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያባብሰውም፣ የሚያድነንም፣ ውኃችን በፈረቃ መሆኑ ነው። ወደ ሰፈራችን የሚመጣው በየአራት ቀኑ ነው። ሊመጣ ሲል ቧንቧው ውስጥ ውስጡን ያጉረመርማል፣ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ድፍርስ፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ ይወርዳል። ያኔ ከየግቢው «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ይነሣል፤ ሁሉም ጀሪካኑንና በርሜሉን ይዞ ይሯሯጣል። ከሄደ በኋላ ግን ቧንቧው እስከሚቀጥለው ፈረቃ ድረስ ባዶ ነው። ባዶ ቧንቧ ደግሞ አያፈስም።

አባቴ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ከእብናት መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እናቴ የሞተችው እኔ ዓረብ አገር ሳለሁ ነው፤ መርዶውን በስልክ ሰምቼ የአሠሪዎቼን ልጆች ልብስ እየተኮስኩ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ አባቴ በዚያ ቤት ብቻቸውን ናቸው። መሬቱንም በሬዎቹንም ለታናሽ ወንድሜ ለቀውለታል፤ እሱ ደግሞ ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነው። ጉልበታቸው እሺ አይላቸውም። ባለፈው ክረምት እንጨት ሊያመጡ ወጥተው ወድቀው፣ ሰው እስኪያገኛቸው ጭቃው ላይ ተቀምጠው እንደዋሉ የነገረኝ ወንድሜ ነው፤ እሳቸውማ «ትንሽ ዐረፍ ብዬ ነው» ነው ያሉት። እኔ ጋ እንዲኖሩ ፈለግሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የፈለግሁት ነገር ይኼ ብቻ ነበር።

ሲመጡ ግን «ለሳምንት ነው» ብለው መጡ። በትከሻቸው የጠፍር ጥቅል አንጠልጥለዋል፤ የበሬ ቆዳ፣ በራሳቸው እጅ የተተለተለ። «አልጋ ልጠፍርልሽ ብዬ» አሉ። የእኔን አልጋ አዩት፣ ስፖንጁን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፣ ጠፍሩን ከበር ኋላ አስቀመጡት።

ከተማ ላይ ቀኑ ለአባቴ በጣም ይረዝማል። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው ግቢው መሐል ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አያውቁም። ወንበር አወጣላቸዋለሁ፤ ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፣ ቤቱን ይዞራሉ። ሱቁ በር ላይ ቆመው ሳሙና ሊገዛ የመጣውን ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነና ከየት ቀበሌ እንደመጣ ይጠይቁታል፤ አንዳንዱ ሳሙናውን ረስቶ ዘመድ ሲቆጥር ቆይቶ ይሄዳል። አንድ ቀን «የከተማ ሰው ግን ምን ሲሠራ ይውላል?» አሉኝ።

«ቧንቧ ሠራተኛ ሲጠብቅ» አልኳቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ «እንግዲህ ልሂድ መሰለኝ» ይላሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ «እንደፈቀዱ አባዬ» እላለሁ። ይህን ስል ጨዋነት ነበር የመሰለኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው «ነይ» እና «ሂጂ» ስሰማ ኖሬ፣ አባቴንማ አላዝዛቸውም፣ የወደዱት ይሁን ብዬ ነው። ደግሞስ በእናቴ ቀብር ላይ ያልነበርኩ ሰው በየትኛው አፌ አይሂዱ ልበል? እሳቸው አየት ያደርጉኛል፣ «እሺ» ይላሉ፤ ግን አንድ ምክንያት ይገኝና እስከ ሌላው ቅዳሜ ይቆያሉ። አንዴ ጫማቸው አልደረቀም፤ አንዴ መኪናው ሞልቷል። በየሳምንቱ ልቤ ወርዶ ተመልሶ ይወጣል።

ወንድሜ ሲደውል ይኼን ነገርኩት። «ታዲያ አንቺ ምን አልሻቸው?» አለኝ።

«እንደፈቀዱ ነዋ።»

«እነዚያ ዓረቦች ምን አጠጡሽ?» ብሎኝ ስልኩን ዘጋው። የሚቀልድ መሰለኝ።

አንድ የፈረቃ ቀን ታዲያ ግንቡ ጥግ ላይ ያለው መታጠፊያ ለይቶለት ተሰነጠቀ። ውኃው እስከ ግንቡ ጫፍ ይረጫል። እኔ ከመነዳሪና ሳሙና ይዤ ስሯሯጥ፣ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ለቧንቧ ሠራተኛው «ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» እያልኩ ሳለ አባቴ ከኋላዬ መጡ። ፌስታሌንም ሻሼንም አንድ በአንድ መረመሩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቷል። ከመጡ ጀምሮ እንዲያ ሆነው አላየኋቸውም።

«ማን ነው እንዲህ ያሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይኼማ ማሰር አይደለም፣ ማልበስ ነው። በይ ወዲያ በይልኝ።»

ጠፍሩን ከበሩ ኋላ አመጡት። እኔ ልብስ በማጥብበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ቀን ተዘፈዘፈ፤ ሽታው ከሳፋው እስኪወጣ ሳምንት ፈጀ። የገበሬው ብልሃት ይኼ ነው፤ ቆዳውን በእርጥቡ ወጥሮ ያስረዋል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና የታሰረውን ነገር ንክስ አድርጎ ይይዘዋል። ሞፈርና ቀንበር የሚያያዙት በዚህ ነው፤ ጥንድ በሬ ስቦት አይላቀቅም። አባቴ ውኃው እስኪሄድ ጠበቁና እግራቸውን ግንቡ ላይ ተክለው መታጠፊያውን ይጠፍሩት ጀመር። እኔ አንደኛውን ጫፍ እንድወጥር ታዘዝኩ። «ሳቢው! አሁንም ሳቢው! ዓረብ አገር አያበሉም ነበር?» ይሉኛል።

እዚያ ጥግ ላይ ተፋጠን ስንስብ ነው ስለ እናቴ መጀመሪያ ያነሡልኝ። እንስራ ሲሰነጠቅባት በሰም ትደፍነው እንደነበር፣ የደፈነችውን እንስራ ተሸክማ ስትመጣ ጀርባዋ ሁልጊዜ ርጥብ እንደነበር፣ «ያፈሳል» ሲሏት ግን «ላቤ ነው» እያለች እንደምትከራከራቸው ነገሩኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከተመለስኩ ወዲህ ስሟን ለማንሣት ሁለታችንም ስንፈራ ነበር የከረምነው። ጠፍሩ ሲያልቅ መታጠፊያው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር።

በነጋታው ፀሐይ ወጣ፣ ጠፍሩም ደረቀ። አባቴ በጥፍራቸው መታ መታ ሲያደርጉት ይንቋቋል። «ጠብ ትላለች?» አሉኝ። «አትልም» አልኳቸው። አንዲት ጠብታ የለችም። ቀጥሎ ባለው ቀን ጎረቤቴን ጠርተው አሳዩአት። ጎረቤቴ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። «ከታሰረ ወዲህ ጠብ አላለም» አሏት። ቧንቧውን አየች፣ እኔን አየች፣ «እሰይ አባባ፣ እጅዎ ይባረክ» አለችና ከንፈሯን ነክሳ ሄደች።

በአራተኛው ቀን «መጣ! መጣ!» ተባለ። ውኃውና ጠፍሩ ተገናኙ። ጠፍሩ መጀመሪያ ላብ ላብ አለው፣ ከዚያ ለሰለሰ፣ ከዚያ ላላ፤ ከሰዓት በኋላ አባቴም እኔም ግንቡም በውኃ ራስን። አባቴ በሬውን ጠረጠሩ። «የመጋላው በሬ ቆዳ ነው ይኼ፤ እሱ ድሮም ሰነፍ ነበር» አሉ። ሌላ ጠፍር ነከሩና ደግመው አሰሩ። ደረቀ፣ ጠብ አላለም፤ ፈረቃው ሲደርስ በሰበሰ። ለሦስተኛ ጊዜ አሰሩት። የአባቴ ጥገና ውኃ በሌለበት ቀን ሁሉ እንከን አልነበረውም።

ነገሩ የገባኝ በሁለተኛው ላይ ነው። ቆዳ ሲደርቅ ይነክሳል፣ ሲርስ ይለቃል፤ ሞፈር ደግሞ እንደ ቧንቧ ከውስጡ ውኃ አይወጣውም። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን በዚያችው ሰዓት «ይኼን ሳላስይዝማ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልል» አሉ። አፌን ዘጋሁ። ያቺ ቅዳሜ «ልሂድ» ሳይባል አለፈች። የምትቀጥለዋም እንዲሁ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግቢው መሐል መቆሙን ትተው በቀጥታ ወደ ግንቡ ጥግ መሄድ ጀመሩ፤ ሥራ አግኝተዋል።

በመንገዳቸው የሰው ቧንቧ መሰለልም ለመዱ። «ከላይ ያለው ሰውዬ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፎበታል» ይሉኛል እየሳቁ። «የመምህሩ ቤት የሕፃን ካልሲ ነው ያሰሩበት፤ ያውም አንድ እግር ብቻ። አንዷ ደግሞ ሊጥ ለጥፋበት ወፍ እየለቀመው ነው።» ለአባቴ ደብረ ታቦር ማለት እንደነገሩ የታሰሩ ቧንቧዎች ከተማ ሆነች፤ ከሁሉም የእኛ ይሻላል ባይ ናቸው። እኔም፣ ሁሉ ነገር በባለሙያ ይሠራ ባይዋ፣ ለቧንቧ ሠራተኛው መደወል ተውኩ።

ስደውልለት ያልመጣ ሰው ሳልደውልለት መጣ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ውኃው መጥቶ ጠፍሩ መላላት በጀመረበት ሰዓት፣ የዕቃ ሣጥኑን ይዞ በሩ ላይ ቆመና ጤናዬን ጠየቀኝ። «ድምፅሽ ሲጠፋብኝ ምን ሆነች ብዬ ነው የመጣሁት» አለ። ከበር የምመልስበት ሰበብ ቶሎ አልመጣልኝም፤ ገባ። ጥጉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አየው፣ ዞሮም አየው።

«እታለም፣ ይኼ ቧንቧ ነው ሞፈር?» አለ። ደግሞ ግቢውን ቃኘት አደረገና «በሬዎቹስ የታሉ?»

ሳቅኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ፤ ግን ሳቅኩ፣ ያውም ዕንባዬ እስኪመጣ። ሰውዬውም ሳቀ። ከግንቡ ማዶ ጎረቤቴ ስትስቅ ተሰማኝ። አባቴም ሳቁ፤ የእሳቸው ሳቅ ግን ከእኛ ቀድሞ አለቀ። «እውነቱን ነው» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። «ውኃ ሲነካው ይለቃል። ይኼ እንዴት ጠፋኝ?» ቆዳ ሲነክሩ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ከማንም በላይ የሚያውቁት ነገር ነው በሰው ፊት የጠፋባቸው። ቧንቧ ሠራተኛው ቆጣሪው ጋ ውኃውን ዘጋ፣ ጠፍሩን በቢላ ቆረጠው፣ አዲስ መታጠፊያ ገጠመ፣ መልሶ ከፈተው። ለዚያ ሁሉ «ነገ» ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አባቴ የተቆራረጠውን ጠፍር ከመሬት ለቅመው በእጃቸው ጨብጠው ቆሙ። ያን ዕለት የሳቅኩት ሳቅ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ምሳ ላይ ብዙ አልበሉም። «እንግዲህ ቤትሽ ዳነ» አሉ። «ቅዳሜ በማለዳው መኪና ልሂድ።»

በዚህኛው ቅዳሜ ምክንያት እንደማይገኝ ከድምፃቸው ገባኝ። የሚሄዱበት ቤት ዐይኔ ላይ መጣ፤ እናቴ የሌለችበት፣ ቢወድቁ የሚሰማ ሰው የሌለበት። አፌ ግን የለመደውን አወጣ። «እንደፈቀዱ አባዬ።» ረዘም አድርገው አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ።

ረቡዕ ጨው ለጠየቀኝ ሰው ክብሪት ሰጠሁ። ሐሙስ ሱቁን ዘግቼ ጎረቤቴ ግቢ ገባሁና «ቧንቧሽ ያፈሳል?» አልኳት።

«የእኔ? ኧረ አያፈስም። ምነው?»

«ትንሽም?»

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

ቆረቆንዳና ካልሲ በሞላበት ከተማ የማታፈስ አንዲት ቧንቧ ብትኖር የእሷ ሆና ተገኘች። ነገሩን አጫወትኳት። ሥራ ከተገኘላቸው እንደሚቆዩ፣ ሌላ የምይዛቸው ዘዴ እንደጠፋኝ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ከዚያ ዐይኔን ስታይ ሳቋን አቆመችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ተይው፣ ነገ ያፈሳል» አለች።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጩኸቷ ሰፈሩን ሞላው። «ኧረ አባባ! ኧረ ይድረሱልኝ፣ ግቢዬ በውኃ አለቀ!» አባቴ የመንገድ ዕቃቸውን ይሰበስቡ ነበር፤ ያን ጥለው ከመነዳሪና ሽቦ ይዘው ወጡ። ጠፍር አልያዙም። እኔ ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኩ። ጎረቤቴ ከቧንቧዋ ሥር፣ በሰፊ ኩሬ መሐል፣ ጫማዋን አውልቃ ቆማለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። በፒንሳ ያላላችው መጋጠሚያ ወደ ጎን ተንጋዷል። ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ «ወይኔ! ወይኔ!» ስትል የሰማ፣ ቤቷ የተቃጠለ ይመስለው ነበር። ከበስተኋላዋ ሁለት ጀሪካኖች አፋቸው ተከፍቶ ተጋድመዋል።

አባቴ ጎንበስ ብለው መጋጠሚያውን በጣታቸው ነኩት። ጣታቸውን አዩት። ደረቅ ነው። ኩሬውን አዩ፣ ጀሪካኖቹን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩ።

«ዛሬ ፈረቃችን ነው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

አልነበረም። ውኃው የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ሁለት አዋቂ ሴቶች ቧንቧ እንዲያፈስ ተማክረን፣ ቧንቧው ባዶ በሆነበት ቀን አፈሰስነው። በአባቴ ጠፍር የሳቅኩት እኔው ነኝ! ጎረቤቴ «የለም፣ እኔ እኮ... የማክሰኞው ቀርቶ...» ብላ ጀመረችና «ወጡ አረረብኝ» ብላ ወደ ቤት ሮጠች። እሳት እንኳ አላነደደችም ነበር።

አባቴ መጋጠሚያውን በባዶ እጃቸው ሁለቴ አዙረው አጠበቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ውኃውን የደፋችው እሷ ናት አንቺ?»

«እሷ ናት። ያስደፋኋት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ዐይኔን ኩሬው ላይ ተከልኩ።

«ልጄ» አሉ፣ «ሦስት ወር ነው እዚህ የከረምኩት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልሂድ እልሻለሁ፤ እንደፈቀዱ ትይኛለሽ። አንድ ቀን እንኳ አይሆንም አላልሽኝም። አንድ ሌሊት ያደረ መንገደኛ እንኳ ልሂድ ሲል ልብሱን ይይዙታል። እኔ አባትሽ ነኝ። መሄዴን እየጠበቀች ነው፣ አፍራ ነው እንጂ ብዬ...» አልጨረሱትም።

ዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ምን እንደረሳሁ ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ «ልሂድ» ሲል ፈቃድ መጠየቁ አይደለም፤ የሚይዘው ሰው መኖሩን ማየቱ ነው። «እንደፈቀዱ» የሚባለው ቢሄድ ግድ ለማይሰጥ ሰው ነው። እኔ አከበርኳቸው ብዬ በየሳምንቱ በር ስከፍትላቸው ነበር የከረምኩት። ወንድሜም እየቀለደ አልነበረም።

«አባዬ፣ በሞቴ አይሄዱም» አልኩ።

ይዘው የመጡትን ሽቦ መጠቅለል ጀመሩ። አንዴ የተባለ በሞቴ ለወጉ ያህል ነው፤ ይኼንንም ረስቼዋለሁ።

«በሞቴ! በሞቴ እዚሁ ይኑሩልኝ! እማዬን አልቀበርኳትም፤ አንቱን ደግሞ በስልክ መስማት አልፈልግም። ይኼን ቤት ለማን ብዬ ነው የሠራሁት?»

መሬት መሬት አዩ። እግራቸው ግን አሁንም ወደ በሩ ነው። ኩሬው ውስጥ ገብቼ ጋቢያቸውን በሁለት እጄ ያዝኩና ለሦስተኛ ጊዜ አልኩት። በልቅሶዬ መሐል ምን ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ «በሞቴ» ግን ነበረበት።

አባቴ ከተጋደሙት ጀሪካኖች አንዱን በእግራቸው ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና ተቀመጡበት።